በሌሊት የተሰበረ ቤትና ሦስቱ ምስክሮች

የታሪክ ጸሓፊዎች አብዝተው የሚያወሱት የነገሥታትን ሥራና የጦርነትን ነገር ነው። ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ሰው ኑሮና አሳብ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከቤተ መንግሥት መዝገብ ይልቅ የዳኝነት መዝገብ የሚጠቅመው ጊዜ አለ። በሸንጎ ፊት ቆሞ የሚመሰክር ሰው ሳያስበው ስለ ራሱ ኑሮ ብዙ ነገር ይናገራልና፤ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፥ በሩን በምን እንደሚዘጋ፥ ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚያምን ወይም እንደሚጠረጥር፥ ይህ ሁሉ ከቃሉ ይገኛል። እንዲህ ካሉት መዛግብት እጅግ ከሰፉትና ከታወቁት አንዱ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ኦልድ ቤይሊ ከሚባለው ሸንጎ የወጣው ነው። በዚያ ሸንጎ የተሰማው ክርክር ከ1674 ጀምሮ እስከ 1913 ድረስ በየጊዜው እየታተመ ይወጣ ነበር።

ከዚህ መዝገብ ውስጥ ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው አንድ ቤት በሌሊት ስለ መሰበሩ የተሰጠውን የሦስት ሰዎች ምስክርነት ነው። ነገሩ ሲነበብ አጭር ነው፤ በገጽ ቢቈጠር አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ዳሩ ግን በውስጡ ያለው ጥያቄ ዳኛ የሆነ ሁሉ፥ ምስክር የሆነም ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ፍርዱ እውነት ሆኖ ምስክሩ ሐሰተኛ ቢሆን ጉዳቱ ምንድን ነው?

ዘመኑ በእንግሊዞች አቈጣጠር 1724 ዓመት ነው። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ የግሪጎርዮስን አቈጣጠር ገና አልተቀበሉም ነበርና (የተቀበሉት በ1752 ነው)፥ እነርሱ ጁላይ 12 ቀን ያሉት ዕለት ከእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1716 ዓመተ ምሕረት ጋር ይገጥማል። ይኸውም በጎንደር ዐፄ በካፋ ነግሠው ሳሉ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በእንግሊዞች አቈጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በአገራችን ልማድ እንቈጥራለን።

በሎንዶን ስትራንድ በሚባለው መንገድ አጠገብ ዊልያም ኒቦን የሚባል የሱፍ ጨርቅ ነጋዴ ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ልማድ ሱቁና መኖሪያው በአንድ ቤት ነበረ፤ ከታች ምድር ቤት፥ ከዚያ በላይ ሱቅ፥ ከሱቁም በላይ መኝታ ቤት። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቱ የሞተበትን አንድ ድኻ ልጅ በቤቱ አስጠግቶ ያሠራው ነበር። የልጁ ስም ጆን ሼፐርድ ነው፤ ሰዎች ግን በቍልምጫ ጃክ ይሉታል። የተወለደው በ1702 በሎንዶን ስፒታልፊልድስ በሚባለው ሰፈር ነው። ኒቦን ልጁን ማንበብና መጻፍ አስተማረው፤ ቀጥሎም በ1717 ኦወን ዉድ ለሚባል ዐናጢ በደቀ መዝሙርነት እንዲገባ አደረገው። የዐናጢ ትምህርት በዚያ አገር ሰባት ዓመት ይፈጅ ነበር። ሼፐርድም እጁ ብልኅ ስለ ነበረ ከስድስት ዓመት የሚበልጠውን ጊዜ በደኅና ፈጸመ። ከዚያ በኋላ ግን የመጠጥ ቤትና የክፉ ባልንጀሮች ፍቅር አደረበትና ጊዜውን ሳይጨርስ ጌታውን ጥሎ ወጣ። በመጀመሪያ የሰረቀው ከአንድ መጠጥ ቤት ሁለት የብር ማንኪያ ነው ይባላል። መዝጊያ መሥራት የተማረ እጅ መዝጊያ መስበርን ለመማር ብዙ አልደከመም።

እንግዲህ ወደ ምስክሮቹ እንምጣ። ሸንጎው የተሰየመው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ነው። ተከሳሹ ሼፐርድ ነው፤ ዕድሜውም ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። የቀረበበትም ክስ ሦስት ነው፤ ሦስተኛው ክስ በጁላይ 12 ሌሊት የኒቦንን ቤት ሰብሮ 108 ያርድ የሱፍ ጨርቅ ሰርቋል የሚል ነው። ይህም በሜትር ቢለካ ዘጠና ዘጠኝ ሜትር ያህል ይሆናል።

በመጀመሪያ የቆመው ምስክር የቤቱ ባለቤት ኒቦን ራሱ ነው። የቃሉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ተከሳሹ ቀድሞ አሽከሩ ነበር። በዚያች ሌሊት በ5 ሰዓት ሊተኛ ሲል በሩም መስኮቱም ሁሉ በሚገባ መዘጋቱን አይቷል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ግን ሰዎች ቀስቅሰውት ቢነሣ ቤቱ ተሰብሮ አገኘው። የምድር ቤቱ መስኮት ብረት ተቈርጧል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው የደረጃ በር መወርወሪያ ተስቧል፤ ጓጕንቸሩ ተገንጥሏል፤ የሱቁም መስኮት መዝጊያ ተሰብሯል፤ ጨርቁም የለም። ሼፐርድ በዚያ ሰፈር ከዚህ በፊት ክፉ ሥራ ሠርቷል ይባል ነበርና እርሱን ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውንም ለጆናታን ዋይልድ ነገረው፤ ዋይልድም አስያዘው። ከተያዘም በኋላ ኒቦን ወደ ወኅኒ ቤት ሄዶ ያን ያህል ቸርነት ካደረግሁልህ በኋላ እንዴት ቤቴን ትሰብራለህ ብሎ ጠየቀው። ሼፐርድም ውለታ ቢስ መሆኑን አመነ፤ ቤቱንም እንዴት እንደ ሰበረ አንዳንዱን ነገር ነገረው፤ ነገር ግን ክፉ ጓደኞች ናቸው የሳቡኝ አለ።

ይህ ቃል ከሦስቱ ሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ያጎረሰ እጅ ሲነከስ ማየት ሁልጊዜ ያሳዝናልና። ለዳኝነት ግን ኀዘን ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ ቃሉን ከኀዘኑ ለይተን እንመርምረው። ኒቦን በዓይኑ ያየው የተሰበረ ቤት ነው እንጂ ሰባሪውን አላየም። የቤቱን መሰበር በሚገባ አስረድቷል፤ ሰባሪው ማን እንደ ሆነ ግን ያለ ጥርጣሬና ያለ ወኅኒ ቤቱ ንግግር ሌላ የሚያሳይበት ነገር አልነበረውም። የወኅኒ ቤቱ ንግግር ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሰማው ባለዕዳውን የሚከሰው ሰው ብቻ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ወንጀል ከሌላው ስርቆት ለይቶ ያየዋል። በአማርኛ ሰርሳሪ የምንለውን ሰው እነርሱ በርግላር ይሉታል። ሰር ዊልያም ብላክስቶን በ1769 ባሳተሙት በአራተኛው የሕግ መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፥ አንድ ሰው በርግላር ነው ተብሎ እንዲፈረድበት አራት ነገር መገኘት አለበት፤ ጊዜው ሌሊት ሊሆን፥ ቦታው የሰው መኖሪያ ቤት ሊሆን፥ ሰውዬው ሰብሮ ሊገባ፥ የገባበትም አሳብ ከባድ ወንጀል ለመሥራት ሊሆን ይገባል። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል ስሙም ቅጣቱም ይለወጣል።

የእያንዳንዱ ትርጓሜ እጅግ የጠበበ ነው። ክፍት ሆኖ በተገኘ በር የገባ ሰው ሰበረ አይባልም፤ ባለቤቱ ቤቱን ክፍት ትቶ ከተኛ የራሱ ቸልተኝነት ነውና። የተዘጋ በር መቀርቀሪያውን አንሥቶ የገባ ግን እንደ ሰበረ ይቈጠራል። በጢስ መውጫ የወረደም እንደ ሰበረ ይቈጠራል፤ የጢስ መውጫ ሊዘጋ በሚቻለው መጠን የተዘጋ ነውና። መግባትን በሚመለከት ደግሞ ሰውነቱ ሁሉ ባይገባ እንኳ እጁን ወይም ዕቃ የሚስብበትን ሜንጦ በመስኮት ቢያስገባ ገብቷል ይባላል። ነገር ግን መስኮቱን ሰብሮ ሳለ ውሻ ጮኾበት ወይም ሰው ነቅቶበት ምንም ሳያስገባ ቢሸሽ፥ ይህ ሙከራ ነው እንጂ የበርግላር ወንጀል አልተፈጸመም። እንግዲህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጣት ርዝመት ነበር ማለት ነው፤ የዚያንም ጣት ነገር የሚወስነው የምስክር ቃል ነው።

የሌሊቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ ሌሊት የሚለው በፀሓይ ብርሃን የሰው ፊት ሊለይ የማይችልበትን ጊዜ ነው፤ የጨረቃ ብርሃን አይቈጠርም። ይህ መለያ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ የተገደለ ሌባ ደሙ ዕዳ እንደማይሆን፥ ፀሓይ ከወጣች ግን ዕዳ እንደሚሆን ተጽፏል፤ ብላክስቶንም ይህን ሕግ ያወሱታል። ምክንያቱም በሌሊት የሚመጣው ሰው ለስርቆት ይምጣ ወይም ለነፍስ አይታወቅም፤ የተኛም ሰው ራሱን ሊከላከል አይችልም።

አሁን ይህን ይዘን የኒቦንን ቃል እንደ ገና እናንብበው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ቤቱ ዝግ ነበር፤ በ10 ሰዓት ተሰብሮ ተገኘ። በሎንዶን በዚያ ወራት ሌሊቱ እጅግ አጭር ነው፤ 10 ሰዓት ሲሆን ፀሓይ ልትወጣ ጥቂት ብቻ ይቀራታል፤ የሰው ፊት የሚለይበት የንጋት ወገግታም ከዚያ አስቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የኒቦን ቃል ብቻውን ሌባው በጨለማ ገባ ወይስ በወገግታ ገባ የሚለውን አይቈርጥም። ይህን የሚያውቅ ከሌባው ጋራ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ሸንጎውም እንዲህ ያለ ሰው ተገኝቶለት ነበር፤ ወደ እርሱም የሚያደርሰን ሁለተኛው ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ጆናታን ዋይልድ ነው። በዚያ ዘመን በሎንዶን በደመወዝ የተሠራ የፖሊስ ሠራዊት አልነበረም። የተሰረቀ ሰው ሌባውን ራሱ ይፈልጋል፤ ራሱ ይከስሳል፤ ወጪውንም ራሱ ይችላል። መንግሥትም ይህን ጉድለት ለመሙላት የዋጋ ሕግ አወጣ። በ1692 በመንገድ ላይ የሚዘርፈውን ወንበዴ ይዞ ላስፈረደ ሰው 40 ፓውንድ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ በ1706 ደግሞ ይኸው ዋጋ ቤት ሰባሪውን ላስያዘ ሁሉ ሆነ። አርባ ፓውንድ ከአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ይበልጥ ነበር። ከዚህም ሌላ ራሱ ወንጀለኛ የሆነ ሰው ጓደኞቹን ቢያጋልጥና ቢያስፈርድ ምሕረት ያገኝ ነበር።

ከዚህ ሕግ የተነሣ ሌባ አዳኝ የሚባሉ ሰዎች ተነሡ። አንባቢ የአገራችንን የጥንት ሌባ ሻይ ያስታውስ ይሆናል፤ ነገር ግን የእንግሊዙ ነገር ሌላ ነው። ሌባ ሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተከትሎ ልጁ በወደቀበት ቤት ላይ ይፈርዳል፤ እንግሊዛዊው ሌባ አዳኝ ግን የሚከተለው ገንዘቡን ነው። ዋይልድ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ነበር። በኦልድ ቤይሊ አጠገብ ቢሮ ከፍቶ፥ የተሰረቀባቸው ሰዎች ወደ እርሱ እየመጡ ዕቃቸውን እንዲያስመዘግቡ አደረገ፤ ራሱንም የሌባ አዳኞች ጄኔራል ብሎ ሰየመ። ዕቃውም ብዙ ጊዜ ይገኝ ነበር፤ የሚገኝበትም ምክንያት ሌቦቹ የእርሱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የታዘዘለትን ሌባ ይጠብቀዋል፤ ያልታዘዘለትን ግን አሳልፎ ለሸንጎ ይሰጠውና 40 ፓውንዱን ይቀበላል። ሼፐርድ ለዋይልድ አልታዘዝም ካሉት አንዱ ነበር።

ዋይልድ በሸንጎ የሰጠው ቃል ይህን ምንም አያነሣም። ኒቦን ወደ እኔ መጥቶ ዕቃውን እንዳፈላልግለት ለመነኝ፤ ሼፐርድንም እንደሚጠረጥር ነገረኝ። ብጠይቅ ሼፐርድ ጆሴፍ ብሌክና ዊልያም ፊልድ ከሚባሉ ሰዎች ጋራ እንደሚውል ሰማሁ። ፊልድን አስጠርቼ እውነቱን ብትናገር ሸንጎው ምስክር አድርጎ እንዲቀበልህ ላደርግ እችል ይመስለኛል አልሁት። እርሱም ተናገረ፤ በቃሉም ሼፐርድ ተያዘ፤ ከጨርቁም አንዳንዱ ተገኘ። የዋይልድ ምስክርነት ይህ ነው። ልብ ብሎ ለሚያነበው ሰው ዋይልድ ስለዚያች ሌሊት ምንም አልመሰከረም። ቤቱ ሲሰበር አላየም፤ ሌባውንም አላየም። የመሰከረው ሦስተኛው ምስክር እንዴት ምስክር እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ያ ዊልያም ፊልድ ነው። ሼፐርድ ለእኔና ለብሌክ ብዙ የሚዘረፍበት ቤት አውቃለሁ ብሎ ነገረን፤ እኛም ሄደን አይተን አስቸጋሪ መሰለን፤ እርሱ ግን ቀላል ነው አለን፤ እኛ በውጭ ስንጠብቅ እርሱ የምድር ቤቱን ብረት ቈርጦ ገብቶ ጨርቁን አወጣልን፤ የቃሉ ሐሳብ ይህ ነው። ቃሉ የሚጐድለው ነገር የለም። ኒቦን ያላየውን ሁሉ ፊልድ አይቷል። ሌሊቱን፥ ሰባሪውን፥ አገባቡን፥ አሳቡን፥ አራቱንም የሕግ ነገር በአንድነት አሟልቶ አቀረበ። የኒቦንን ቃል ልክ ጓጕንቸር ከቍልፉ እንደሚገጥም አድርጎ ገጠመው። ነገር ግን ይህን ቃል የሰጠው ሰው ራሱ ሌባ ነኝ የሚል ነው፤ ቃሉ ካልታመነለት መሰቀያው ገመድ ወደ አንገቱ የሚመጣ፥ ቃሉ ከታመነለት ግን ነጻ የሚወጣ ሰው ነው። ያቀረበውም ከፍርዱ ዋጋ የሚያገኝ ሰው ነው።

ተከሳሹስ ምን አለ? በዚያ ዘመን ሕግ ተከሳሽ ምሎ ስለ ራሱ ሊመሰክር አይፈቀድለትም ነበር፤ ይህ የተፈቀደው በ1898 ነው። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ስለ ፍሬ ነገሩ የሚከራከርለት ጠበቃም አልነበረውም፤ ይህም በሙሉ የተፈቀደው በ1836 ነው። ተከሳሹ ያለ መሐላ የፈለገውን ይናገራል፤ የከሳሹ ምስክሮች ግን ምለው ይናገራሉ። ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች የሁለቱን ቃል ሰምተው ይፈርዳሉ፤ ነገሩም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ጁሪዎቹ ያለ ማስረጃ የሚፈርዱ ሰዎች አልነበሩም። በሼፐርድ ላይ ከቀረቡት ሦስት ክሶች ሁለቱ የሌሎች ሁለት ሰዎች ቤት ተሰብሮ ዕቃ ስለ መሰረቁ ነበሩ፤ በሁለቱም በቂ ምስክር የለም ብለው ለቀቁት። በሦስተኛው ግን የሞት ፍርድ ፈረዱበት። እንግዲህ በሁለቱና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የምስክር መገኘት ነው ማለት ነው። ምስክሩን ያስገኘው ደግሞ ዋይልድ ነው።

እዚህ ላይ ለካህናት አንባቢዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን አንድ ካህን ወንጀል ቢሠራ በቤተ ክህነት እንጂ በንጉሥ ሸንጎ እንዳይቀጣ ልማድ ነበር። ካህን መሆኑ የሚታወቀው በማንበቡ ነበርና፥ ኋላ ማንበብ የሚችል ጨዋ ሁሉ በዚህ መብት መጠቀም ጀመረ። እንዲያነበው የሚሰጠውም በልማድ የንስሓው መዝሙር፥ ማለት በእኛ ቍጥር መዝሙረ ዳዊት 50፥ በእነርሱ 51 ነበር። የመጀመሪያውን ቃል አንብቦ ከገመድ የዳነ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ያን ጥቅስ የአንገት ጥቅስ ይለው ነበር። በ1706 የማንበቡ ፈተና ቀረ፤ መብቱ ግን ለቀላል ወንጀል እስከ 1827 ቈየ። በሌሊት ቤት ለሚሰብር ሰው ግን ይህ መብት ከ1576 ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። ኒቦን ለልጁ ማንበብን አስተምሮት ነበር። ያ ትምህርት በጥንት ዘመንና በሌላ ወንጀል ቢሆን ኖሮ አንገቱን ሊያድንለት በቻለ፤ ያስተማረውን ሰው ቤት በሌሊት ስለ ሰበረ ግን አላዳነውም።

የሼፐርድን ፍጻሜ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ያወሩታል። የመገደያው ቀን ለሴፕቴምበር 4 ተወስኖ ትእዛዙ በደረሰበት ዕለት በኦገስት 31 የወኅኒውን ብረት ቈርጦ የሴት ልብስ ለብሶ አመለጠ። ከዐሥር ቀን በኋላ ተይዞ ኒውጌት በሚባለው ወኅኒ ውስጥ ከወለሉ ጋራ በሰንሰለት ታሰረ። በኦክቶበር 15 ሌሊት ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፥ የጢስ መውጫውን አፍርሶ፥ አንዱን የተዘጋ በር ካንዱ በኋላ እየሰበረ ጣራ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ብርድ ልብሱን ለመውረጃ ለማምጣት በመጣበት መንገድ ተመልሶ ገብቶ፥ ዳግመኛ ወጥቶ አመለጠ። ይህ ሰው በሰላም ቢሠራበት ኖሮ ምን ያህል ቤት በሠራ ነበር! በኖቬምበር መጀመሪያ ሰክሮ ተያዘ፤ ሰኞ ኖቬምበር 16 ቀን 1724 ታይበርን በተባለው ስፍራ እጅግ ብዙ ሕዝብ እያየ ተሰቀለ።

ያ የኦክቶበር ማምለጥ የሆነበት ጊዜ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በዚያው ሰሞን ጆሴፍ ብሌክ በኒቦን ቤት ጕዳይ ለፍርድ ቀርቦ ነበር፤ ምስክሮቹም እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ብሌክ ለዋይልድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለው ሰው ነበርና እንዲያማልደው ለመነው፤ ዋይልድ ግን አይሆንም አለው። ያን ጊዜ ብሌክ ትንሽ ካራ አውጥቶ የዋይልድን ጕሮሮ ቈረጠው። ዋይልድ በአንገቱ የጠመጠመው ጨርቅ አዳነው እንጂ በዚያው ይሞት ነበር። ብሌክም በኖቬምበር 11 ተሰቀለ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሼፐርድ ከመሞቱ በፊት በስሙ በታተመ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የኒቦንን ቤት መስበሩን አልካደም። እኔና ብሌክ አድርገነዋል ይላል። ፊልድ ግን በዚያች ሌሊት ከእኛ ጋራ አልነበረም፤ ጨርቁን ያስቀመጥንበትን ስፍራ አውቆ ከእኛ ሰረቀ እንጂ ቤቱ ሲሰበር አላየም፤ በሸንጎም በሐሰት ምሏል ይላል። የሌባ ቃል ነው ብንል የፊልድም ቃል የሌባ ቃል ነው። ልዩነቱ ፊልድ ሲናገር ሕይወቱን ያተርፍ ነበር፤ ሼፐርድ ሲናገር ግን የሚያተርፈው ነገር አልነበረም፤ ቤቱንም መስበሩን በገዛ ቃሉ ያረጋግጣል። ስለዚህ የሼፐርድ ቃል ይበልጥ የሚታመን ይመስለናል።

ይህ እውነት ከሆነ ሸንጎው በእውነተኛው ወንጀለኛ ላይ በሐሰተኛ ምስክር ፈረደ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ታዲያ ምን ጐዳ? ሰውዬው ሠርቶታል፤ ተፈርዶበታል፤ ይል ይሆናል። የዚያን ዘመን ሰዎችም እንዲህ ብለው አልፈውታል። ጉዳቱ ግን በሼፐርድ ላይ የመጣ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በመጡት ላይ ነው። ሸንጎው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ምስክር ተቀብሎ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ፥ ምስክሩም መንገዱም የታመኑ ይመስሉታል። በሁለተኛው ጊዜ ሳይመረምር ይቀበላል። በሦስተኛው ጊዜ ምስክሩ ንጹሕ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ሸንጎውም ልዩነቱን የሚያውቅበት ነገር የለውም።

የሆነውም እንዲሁ ነው። ዋይልድ በ1725 የአንዲት ሴት ዳንቴል ካሰረቀ በኋላ ዕቃውን ለመመለስ 10 ጊኒ ተቀብሎ ሌባውን ባለማስያዙ ተከሰሰ። ለፍርድ በቀረበ ጊዜ ያስያዛቸውን ሰዎች ዝርዝር አሳትሞ ለጁሪዎቹ አደለ፤ በዝርዝሩም 35 ወንበዴዎች፥ 22 ቤት ሰባሪዎች፥ ከስደት ያለ ፈቃድ የተመለሱም 10 ሰዎች እንዳሉ ጻፈ። ይህን ያቀረበው ምሕረት እንዲያስገኝለት ነበር። ዝርዝሩን ዛሬ የሚያነብ ሰው ግን ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የተመሰከረባቸው ስንቶች ናቸው ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ዋይልድ በሜይ 24 ቀን 1725 ሼፐርድ በተሰቀለበት ስፍራ ተሰቀለ።

እርሱ ቢሞትም ዋጋው አልሞተም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1754 ስቲቨን ማክዳንኤል የሚባል ሌባ አዳኝና ጓደኞቹ ድኾችን እያታለሉ ወደ ወንጀል እያገቡ ወይም ያልሠሩትን ሠሩ እያሉ በመክሰስ የደም ዋጋ ይቀበሉ እንደ ነበር ተገለጠ። በእነርሱ ምስክርነት ንጹሕ ሰው ተሰቅሎ ነበር። ሸንጎው በዚያች በኒቦን ቤት ነገር ያስለመደው መንገድ እዚህ አደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ግን ትምህርት መጣ። በዚያው በ18ኛው መቶ ዓመት ውስጥ የኦልድ ቤይሊ ዳኞች የግብረ አበር ቃል ከሌላ ወገን በሚመጣ ማስረጃ ካልተደገፈ በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም ማለት ጀመሩ። ከ1730ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ጠበቆች የከሳሹን ምስክሮች በጥያቄ እንዲመረምሩ ይፈቀድ ጀመር፤ ጠበቃም አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ሆነ፤ በዚህ ፍርድ አንተ ስንት ታገኛለህ? ያ የ40 ፓውንድ ዋጋ በ1818 ተሻረ። ቤት በመስበር ብቻ መሰቀልም በ1837 ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሌሊት ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ነው ተብሎ በሕግ ተወሰነ። በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ በሌሊትና በቀን መካከል የነበረውን ልዩነት ጨርሶ አስቀረው።

የኒቦን ነገር ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ከሦስቱ ምስክሮች በቃሉ የማያተርፍ እርሱ ብቻ ነበር። ያየውን ብቻ ተናገረ፤ በ5 ሰዓት ዝግ ነበር፤ በ10 ሰዓት ተሰብሮ አገኘሁት አለ። በመካከል ያለውን አምስት ሰዓት አላየሁም ብሎ ባይናገርም፥ አይቻለሁ ብሎም አልጨመረበትም። ከዚህም ሌላ የቤቱን ሰባሪ ሊጠይቀው ወደ ወኅኒ ቤት ሄደ፤ የጠየቀውም ጨርቄ ወዴት ነው ብሎ ሳይሆን እንዴት ይህን አደረግህ ብሎ ነው። ያን አምስት ሰዓት ሌሎች ሰዎች በመሐላ ሞሉት። ምስክር ያላየውን ጊዜ ባዶውን ቢተወው ዳኛ ይቸገር ይሆናል፤ በሐሰት ቢሞላው ግን ዳኛውም ምስክሩም አብረው ይጠፋሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይገለጣል እንደሚባለው፥ የዚያች ሌሊት እውነት የተገለጠው ሁሉም ከሞቱ በኋላ፥ በመዝገብ ውስጥ ነው።